መርዶ ይዤ የመኪና እሽቅድምድም ያየሁበት ቅዳሜ

ሳይነጋ፣ ሮዘተንቪል

የአጎቴ ባኪ በራችን ላይ ስትቆም ሰማዩ ገና አመድ መስሎ ነበር። ባኪ የምንለው እዚህ ጆሃንስበርግ ከኋላ ዕቃ የሚጫንበትን ትንሽ መኪና ነው። የአጎቴ የታምራት ባኪ ነጭ ናት፣ አንዱ የጎን መስታወቷ በፕላስተር ተይዟል፣ ውስጧ ሁልጊዜ ሳሙናና ዱቄት ይሸታል። እኔ ለብሼ፣ ማስኬን አገጬ ላይ አድርጌ በረንዳው ላይ ከተቀመጥኩ ቆይቻለሁ። ዓመት ሙሉ የለመንኩት ነገር ዛሬ ሊሆን ነው፤ ስድስት ሰዓት ሙሉ የሚፈጅ የስፖርት መኪና እሽቅድምድም በዓይኔ ላየው ነው። ይህን ሳስብ ልቤ ይዘላል። አጎቴን ሳየው ደግሞ ልቤ ወርዶ እግሬ ሥር ይገባል።

ምክንያቱን አሁኑኑ ልንገራችሁ፣ በኋላ ግራ እንዳይገባችሁ። ሐሙስ ማታ ከሆሳዕና ለአባቴ ስልክ ተደወለ። የእናቴና የአጎቴ ታናሽ ወንድም ዳዊት ሳምንት ታሞ ሞተ። ሠላሳ ዓመት አልሞላውም። በዚያ ሰሞን «ሳንባውን ነው» ከተባለ ማንም ከዚያ በላይ አይጠይቅም ነበር። እናቴ፣ አጎቴ ታምራትና ዳዊት፤ ሦስት ናቸው፣ ሌላ ወንድምም እህትም የላቸውም። አባታቸው ድሮ ነው የሞተው። እናታቸው፣ ማለት አያቴ፣ ሆሳዕና ናት፤ አርጅታለች፣ በዚያ ዓመት ሁለት ጊዜ ሆስፒታል ገብታ ወጥታለች።

በእኛ ዘንድ መርዶ በስልክ አይነገርም። ሱቅ ውስጥ ብቻውን ለቆመ ሰውም አይነገርም። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ሽማግሌና ፓስተር ይመጣሉ፣ ጎህ ሲቀድ በር ይንኳኳል፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው እጅ መኖሩ ተረጋግጦ ነው የሚነገረው። ወረርሽኙ ይህንንም አበላሸብን። በሰዓት እላፊው ምክንያት ከሩስተንበርግና ከፖሎክዋኔ የሚመጡት ዘመዶች ሌሊት መንገድ መውጣት አይችሉም። አጎቴ የሚያድረው አሌክሳንድራ፣ በስፓዛው፣ ማለት በትንሿ የሰፈር ሱቁ፣ ጀርባ ነው፤ እዚያች ክፍል አራት ሰው ከገባ ትንፋሽ ለትንፋሽ ነው። ስለዚህ አባቴና ሽማግሌዎቹ መከሩና መርዶው በእኛ ግቢ፣ ወንበር ተራርቆ፣ ቅዳሜ ማታ ከሰዓት እላፊው በፊት እንዲሆን ተወሰነ። እስከዚያው አጎቴ ከሱቁ፣ ከስልኩና ከአገሩ ልጆች መራቅ አለበት።

ማን ያርቀው? እኔ። እህት ልጁ ነኝ፣ የምለምነውን እምቢ ብሎኝ አያውቅም፣ የመኪና እብደቴንም ሁሉም ያውቀዋል። ዓርብ ጠዋት ደውዬ ትኬት አገኘን፣ ቅዳሜን ከእኔ ጋር ዋል አልኩት፤ እሺ አለ። እናቴ አስማለችኝ። የሞተው ማን እንደሆነ ከአፌ እንዳይወጣ፣ መርዶ የልጅ ሥራ እንዳልሆነ፣ ፊቴንም እንድጠብቅ ነገረችኝ። የእሷን ፊት ግን ማን ይጠብቀዋል? ዓይኗ አብጦ ጠፍቷል። አጎቴ ግቢ ሲገባ በመጋረጃው ጀርባ ሆና ጉንፋን ይዞኛል፣ እንዳላስይዝህ አትጠጋ አለችው። ወረርሽኙ ለአንዴ እንኳ ጠቀመን። እሱ ከመስኮቱ ራቅ ብሎ ቆሞ፣ ድምፅሽ ተዘግቷል፣ ዝንጅብል አፍልተሽ ጠጪ፣ ሎሚ አትርሺ እያለ ሲመክራት እኔ ጫማዬን አየሁ።

ገና መኪናዋ ውስጥ ስገባ ስልኩን ጠየቅኩት። የእኔ ስልክ ካሜራው ተሰንጥቋል፣ በአንተ ልቅረጽበት አልኩት። አላመነታም። ወንበሬ ሥር ደብቄ፣ አውሮፕላን ላይ እንደሚደረገው ከኔትወርክ አወጣሁት። ያኔ በእጄ ውስጥ አንዴ ተንቀጠቀጠ፣ የመጨረሻ መልእክት ይሁን ሌላ ነገር አላውቅም፤ ከዚያ ዝም አለ።

ጠዋት፣ ሜይፌር

ትኬቱ ያለው ሐጂ ከድር ጋር ነው። ሐጂ ለአጎቴ ዱቄቱን፣ ስኳሩንና ዘይቱን የሚያከፋፍሉት ጅምላ ነጋዴ ናቸው፤ ትኬቱን ዘይት የሚያቀርብላቸው ሰው ሰጣቸው፣ እሳቸው ደግሞ ሐሙስ ማታ መርዶውን ሲሰሙ ለእኛ አሰቡት። ሜይፌር በዚያ ሰዓት ግማሽ መዝጊያዋን ብቻ ከፍታለች። የሶማሌዋ ሴትዮ ሳምቡሳዋን እየጠበሰች ነው፣ ከመስጊድ የወጡት ሽማግሌዎች ተራርቀው ይሄዳሉ፣ ማስክ የሚሸጠው ልጅ በሽቦ ላይ እንደ ልብስ አስጥቶታል።

ሐጂ ራሳቸው ወጥተው መኪናችን ድረስ መጡ። ሰውየውን ለማታውቁት፣ እሳቸው ከመደርደሪያቸው ጀርባ የሚወጡት ለሶላት ብቻ ነው። በእጃቸው ትኬቱን፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ ትኩስ ሳምቡሳና የተምር ካርቶን ይዘዋል። በወረርሽኙ ጊዜ ሰላምታ በክርን ነበር፤ ሐጂ ክርናቸውን ከአጎቴ ክርን ጋር አገናኙና አላነሱትም። እንዲያው ቆሙ። ከማስካቸው ሥር ከንፈራቸው ሲንቀሳቀስ አየሁ፣ ዱዓ ያደርጉ ነበር መሰለኝ። ከዚያ ለእኔ፣ ቀስ ብላችሁ ተመለሱ፣ ምንም አያስቸኩላችሁ አሉኝ።

አጎቴ መንገድ ከጀመርን በኋላ ሳምቡሳውን እየነከሰ ሳቀ። ስለ ዱቄት ዋጋ አንድ ቃል አልተጨቃጨቁኝም፣ ሰውየው አመማቸው እንዴ አለ። እኔም ሳቅሁ። ሳቄ ረዘም አለብኝ።

ረፋድ፣ አሌክሳንድራ

እዚህ መቆም አልነበረብንም። እኔ ይረፍድብናል፣ መጀመሪያው ያመልጠናል አልኩ፤ እሱ ጃኬቴን ሳልይዝ፣ ከሰዓት ይዘንባል አለና ከአውራ ጎዳናው ወረደ። አሌክስ እንደሁልጊዜዋ ተነስታለች፣ ሚኒባስ ታክሲዎቹ ጡሩምባ ይነፋሉ፣ ጥግ ላይ የሚጠበሰው ማግዊንያ የሚሉት ቦምቦሊኖ ይሸታል፣ ልጆች በተቆረጠ ጄሪካን ውኃ ያመላልሳሉ። የወር መጨረሻ ቅዳሜ ነው፤ ደሞዝ የተከፈለበት፣ ለስፓዛ ባለቤት ከዓመት በዓል የሚበልጥ ቀን። የአጎቴ ሱቅ ብቻ ሰማያዊ መዝጊያው ወርዷል። አምስት ዓመት በዚህች አገር ኖሬ ቀን በብርሃን ወርዶ አይቼው አላውቅም። ዓይኑን የጨፈነ ሰው ይመስላል።

አንዲት ጎጎ፣ እዚህ አሮጊቶችን የምንጠራው እንዲህ ነው፣ በሩ ላይ ቆማለች። ደንበኞቹ ሁሉ አጎቴን «ማይ ፍሬንድ» ነው የሚሉት፣ ስሙን የሚያውቅ የለም። ማይ ፍሬንድ፣ ማን ሞተ አለችው፣ እየሳቀች፤ ሱቅ ተዘግቶ ስላየች ነው። አጎቴም ሳቀና በሰላሙ ጊዜ እንደሚያደርገው በዙሉ ሰላምታ ሰጣት፣ ልጅቷ መኪና ልታሳየኝ ነው ብሎ ወደ እኔ ጠቆመ። ጎጎ አየችኝ። አንገቴን አቀረቀርኩ።

ከመንገዱ ማዶ ሃንዲሶ አለ። ሃንዲሶ የአገራችን ሰው ነው፤ ሱቁ ከአጎቴ ሱቅ ፊት ለፊት ስለሆነ አምስት ዓመት በየሱቃቸው የሽቦ መስኮት ሆነው ሲሰዳደቡ ነው የኖሩት። ዳቦህ ድንጋይ ነው፣ የአንተ ወተት ውኃ ነው፤ ጠዋት በዚህ ይጀምራሉ፣ ደንበኞቹም እየሰሙ ይስቃሉ። አጎቴ ጃኬቱን ይዞ ሲወጣ እንደልማዱ ነገር ጣለ፤ ዛሬ ደንበኞቼን ሁሉ ሰጥቼሃለሁ፣ በዚያ ድንጋይህ ጥርሳቸውን እንዳትጨርስ አለው።

ሃንዲሶ ከሽቦው ጀርባ የያዘውን ዳቦ አስቀመጠ። ከዚያ፣ «ሂድ ወንድሜ፣» አለ፣ «ሱቅህን እኔ አይልሃለሁ።»

አጎቴ እግሩን መኪናው ላይ እንዳደረገ ቀረ። ስድብ ሲጠብቅ እንዲህ ያለ ቃል ነው የመጣለት። ተሳፈረ፣ ቀበቶውን አሰረ፣ አስነሳ።

ቅዳሜ እዚህ አገር የቀብር ቀን ነው። በዚያ ዓመት ደግሞ ቅዳሜ አልበቃቸውም ነበር። ከአሌክስ መውጫ ላይ ሰልፍ አሳለፍን፤ መኪኖቹ ሁሉ አራቱንም መብራት እያበሩ እያጠፉ፣ በዝግታ፣ መስታወታቸው ተዘግቶ። ሬሳ የያዘው ፊት ፊት ይሄዳል። አጎቴ ኮፍያውን አውልቆ ጭኑ ላይ አስቀመጠ፤ ካለፉም በኋላ አላደረገውም።

ቀትር፣ ሜዳው

አሁን ስለ መኪኖቹ ልጻፍ፣ እጄን ራሴ አላቆመውም።

መግቢያው ላይ የግንባራችንን ሙቀት በሽጉጥ መሳይ ነገር ለኩ፣ እጃችን ላይ አልኮል ረጩ፣ ሁለታችን ብቻ አንድ ረድፍ ላይ እንድንቀመጥ አመለከቱን። በሺህ የሚቆጠር ሰው የሚይዝ ደረጃ ነው፤ በዚያ ቀን ግን እዚህ አንድ ቤተሰብ፣ እዚያ ማዶ ሁለት ሽማግሌ፣ ከላይ ብቻውን ዣንጥላ የያዘ ሰው። የቀሩት ወንበሮች በቀይ ፕላስተር በመስቀለኛ ተዘግተዋል። ከሩቅ ሲታይ የመቃብር ቦታ ይመስላል። በድምፅ ማጉያው የሚያወራው ሰውዬ ሕዝብ እንዳለ አድርጎ ይጮኻል፤ ድምፁ ባዶው ደረጃ ላይ ይመታና ዘግይቶ ይመለሳል፣ ማዶ ሌላ ሰው እየቀለደበት ይመስል።

ከዚያ መኪኖቹ መጡ። እንዴት ልንገራችሁ! መጀመሪያ የምትሰሙት በጆሮ አይደለም፣ በደረት ነው። ደረጃው ይንቀጠቀጣል፣ በጠርሙሴ ያለው ውኃ ክብ ክብ ይሠራል፣ ከዚያ ቀለም ያልፋል፤ ብርቱካን፣ ብር፣ ሰማያዊ፣ አንድ ደማቅ ቢጫ። ድምፃቸው አንድ አይደለም። አንዱ እንደ ተርብ ነው፣ አንዱ እንደሚቀደድ ሸራ፣ አንዱ ደግሞ ጋዙን ሲለቅ ጉሮሮውን ይጠርጋል። ተነስቼ ጮህኩ። አጎቴም ተነሳ። በዚያ ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም ነገር ረሳሁት።

ይህ ዓይነቱ ውድድር መድረሻ የለውም። ስድስቱ ሰዓት እስኪያልቅ ብዙ ዙር የዞረ ያሸንፋል። አንዱን መኪና ሁለት ሦስት ሰዎች እየተቀያየሩ ይነዱታል። ሲደክማቸው ወይ ነዳጅ ሲያልቅ ፒት ወደሚባለው ጎን ይገባሉ፣ አንዱ ዘሎ ይወርዳል ሌላው ይገባል፣ ጎማ ይነቀላል ጎማ ይገባል፣ ሁሉም ነገር አንድ ትንፋሽ ነው። የሚሠሩት ሰዎች ሄልሜትና የእሳት ጭንብል ስላጠለቁ ፊት የላቸውም። አንድ ቃል አይነጋገሩም። በእጅ ብቻ ይጠቋቆማሉ። ፊት የሌላቸው ሰዎች እንዲያ ሲጣደፉ ሳይ ጠጉሬ ቆመ፣ ግን ዓይኔን መንቀል አልቻልኩም።

እኔ ቢጫዋን ያዝኩ። አጎቴ በጣም ቆይቶ መረጠ፤ መጨረሻ ላይ ያለችውን፣ አረንጓዴ፣ አሮጌ፣ ሌሎቹ ሁሉ የሚያልፏትን። «አሮጊቷ» አላት። ፈጣኖቹ ሲመጡባት ጥግ ትይዛለች፣ ያልፏታል፣ ትቀጥላለች። ይቺ አትቸኩልም አታቆምምም፣ እናቴን ትመስላለች ብሎ ሳቀ። ዓይኑ ግን ከሷ ላይ አልተነሳም። ከምግብ መኪናው ቋሊማ በዳቦ ገዛልኝ፣ ዋጋው ከአሌክስ ሦስት እጥፍ ነበር፣ ሌላ ቀን ቢሆን ስለዚህ እስከ ማታ ያወራ ነበር። ዝም ብሎ ሰጠኝ። ለራሱ አልገዛም።

ብዙ ሲዞሩ አንድ ነገር ይሆናል። ድምፁ ይለመዳል፣ ከዚያ ይጠፋል። ያው መኪኖች ያው ቦታ ላይ ደጋግመው ይመጣሉ፣ የሚሄዱበት የለም፣ የሚያያቸውም የለም። ፀሐዩ እያለ በረደኝ።

ከሰዓት፣ ዝናቡ

የሃይቬልድን፣ የዚህን ደጋ አገር፣ ዝናብ የማያውቅ ሰው አያምንም። ሰማዩ ከደቡብ በኩል እንደ ሰንበር ጠቆረ፣ ነፋሱ የተጣለ ማስክ ሁሉ አንስቶ በደረጃው ላይ አንከባለለው፣ ከዚያ በአንዴ ወረደ። ጣሪያ ሥር ነበርን። መኪኖቹ መብራታቸውን አበሩ፣ ከኋላቸው የሚነሳው ውኃ ጭስ ሆነና መብራቱ ብቻ ቀረ። አንዷ ተሽከረከረች፣ ግድግዳውን ነካች። ነጂው በእግሩ ወጣ፣ ተመስገን።

ያኔ አንድ መኪና ጣሪያው ላይ ብርቱካን መብራት እያበራ ገባ። ይህ ሲመጣ ማንም ማንንም ማለፍ አይችልም፤ ሁሉም በዝግታ ከኋላው ይሰለፋሉ። ያ ሁሉ ጩኸት ወረደ። በዝናቡ ውስጥ መኪኖቹ ተከታትለው፣ መብራታቸውን አብርተው፣ ቀስ ብለው በፊታችን አለፉ። ጠዋት ከአሌክስ መውጫ ያየነው ነበር የመሰለኝ። ቀና ብዬ አጎቴን አየሁት። ኮፍያውን አውልቋል።

«ቤቴል፣» አለኝ፣ ዓይኑን ከሰልፉ ሳያነሳ፣ «ስልኬን አትስጪኝ።»

ኪሴ ውስጥ ያለውን ስልክ በመዳፌ ጨበጥኩት።

«ሐጂ ስለ ዱቄት አልተከራከሩኝም። ሃንዲሶ ወንድሜ አለኝ። ሃንዲሶ! እህቴ ፊቷን ደበቀችኝ። የወር መጨረሻ ቅዳሜ ሱቅህን ዝጋና መኪና እይ የሚል ሐበሻ የት አገር ነው ያለው?» ፈገግ አለ፣ ደስ የማይል ፈገግታ። «የምስራች ቢሆን ጠዋት ሱቄ ውስጥ ትጮሁብኝ ነበር።»

«አጎቴ፣ እኔ…»

«አትንገሪኝ። አንቺ ልጅ ነሽ፣ ይሄ በአፍሽ አይውጣ፣ ሽማግሌዎች ይንገሩኝ። እስኪያልቅ ብቻ እንቀመጥ። እዚህ እስካለሁ ድረስ ማንም አልሞተም።»

ተቀመጥን። ሰልፉ ዞሮ መጣ፣ ሄደ፣ ዞሮ መጣ። ከዚያ አጎቴ ማውራት ጀመረ፤ ለእኔ ሳይሆን ለዝናቡ። እማማ ዝናብ ትወድ ነበር አለ። ሲዘንብ በር ላይ ቆማ እጇን ዘርግታ ታጥበው ነበር። እማማ ቆጮ ስትቆርጥ ለእኔ የመሃሉን ትሰጠኝ ነበር። ድምፅዋ ያምር ነበር፣ ጸሎት ቤት ሁሉ ዞሮ ያያት ነበር።

ገባኝ። አያቴ ናት የሞተችው ብሎ አስቧል። ለምን አያስብ? ያረጀችው እሷ፣ የታመመችው እሷ። ዳዊትማ ኳስ የሚጫወት ሰው ነው። አያቴን ሐሙስ ሌሊት በስልክ ሰምቻታለሁ፤ ስታለቅስ። አሁን አጎቴ አጠገቤ ሆኖ በቁሟ ያለችን ሴት በእያንዳንዱ ትዝታ ይቀብራታል፣ በጃኬቱ እጅጌ ዓይኑን እየጠረገ። ይህን የመሰለ የሚያስፈራ ነገር በሕይወቴ ሰምቼ አላውቅም። ማስኬን ነክሼ ያዝኩ። አይደለችም ብል መሐላዬ ይፈርሳል፤ ዝም ብል ደግሞ እንዲህ ይቀጥላል።

አረንጓዴዋ መኪና ከሰልፉ ውስጥ አልነበረችም። አሮጊቷ የት ገባች አለ አንድ ጊዜ። ፒት ውስጥ የሷ ጋራዥ በር ወርዶ ተዘግቷል። ሁለተኛ አልጠየቀም።

ወደ ማታ፣ ማብቂያው

ዝናቡ እንደመጣው ሄደ። ብርቱካን መብራቱ ወጣ፣ መኪኖቹ እንደገና ተለቀቁ። አስፋልቱ ጨሰ፣ ደመናው ሥር ቢጫ ብርሃን ገባ፣ የእኔዋ ቢጫ በዚያ ብርሃን ውስጥ ሁለት መኪና በአንድ መታጠፊያ አለፈች። ልክ እንደዚያ ባለ ሰዓት ደስ ይለኛል ብዬ አላሰብኩም፤ ግን ደስ አለኝ፣ ጮህኩ፣ ወዲያው አፌን በእጄ ያዝኩ። አጎቴ እጄን ከአፌ ላይ አነሳና፣ ጩኺ፣ ለዚህ አይደል የመጣሽው አለኝ።

ጮህኩ። ያለቀስኩትም ያኔ ነው፣ ማንም አልለየውም።

መጨረሻው ላይ እንደ ሰንጠረዥ ጥቁርና ነጭ የሆነው ባንዲራ ተውለበለበ። ቢጫዋ ሁለተኛ ወጣች። የጥቂት ሰው ጭብጨባ ባዶ ደረጃ ላይ እንዴት እንደሚሰማ ታውቃላችሁ? ደረቅ እንጨት ሲሰበር። አሸናፊዎቹ ተራርቀው ቆሙ፣ ማስክ አድርገው፣ ሻምፓኙን ወደ አየሩ ረጩት። አረንጓዴዋ መቼ ከጓዳዋ እንደወጣች አላየሁም፤ ግን ከሁሉም በኋላ፣ አንድ መብራቷ ጠፍቶ፣ እየተንገጫገጨች መስመሩን አለፈች። አጎቴን ጎሰም አደረግኩት። ጀርባውን አዙሮ ደረጃውን መውረድ ጀምሮ ነበር።

መመለሻ

አውራ ጎዳናው ላይ ትላልቅ መኪኖች ሁሉ አለፉን። አጎቴ ቀስ ብሎ ነው የሚነዳው፣ ሁለት እጁ መሪው ላይ፣ የመንጃ ፈቃድ ፈተና ላይ ያለ ይመስል። አስፋልቱ ላይ የከተማው መብራት ተገልብጦ ይታያል። የሂልብሮው ማማ መብራት በራ። መሃል ከተማው ቅዳሜ ማታ ሊሆን ሳለ ባዶ ነው፤ ሱቆቹ ተዘግተዋል፣ አንድ ፖሊስ መኪና ሰማያዊ መብራቱን ያለ ድምፅ እያዞረ ቆሟል። ስልኩ ኪሴ ውስጥ ነው። አልጠየቀኝም።

ሮዘተንቪል፣ ከቤታችን አንድ መታጠፊያ ሲቀር፣ ሮቦት አለ። የትራፊክ መብራት ማለት ነው። ቀይ ሆነና ቆምን። ከዚያ ሆነን መንገዳችን ይታያል፤ ከአጥራችን ውጭ የሌላ ክፍለ ሀገር ታርጋ ያላቸው መኪኖች ተደርድረዋል። ሮቦቱ አረንጓዴ ሆነ። አጎቴ አልነዳም። ከኋላችን ማንም አልነበረም። እንደገና ቀላ።

«ለመስቀል እመጣለሁ አልኳት፣» አለ። «በየዓመቱ። አምስት መስቀል ዋሸኋት ቤቴል። በሯ ላይ ቆማ ጠብቃኝ ይሆናል። አፈር ስትገባ እኔ ዳቦ እሸጥ ነበር።» ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ።

ከዚያ በላይ አልቻልኩም። የሞተውን አልናገርም ብዬ ነው የማልኩት። ያልሞተችውን መናገር መሐላ ማፍረስ አይደለም ብዬ አሰብኩ፤ እውነቴን ነው፣ እንዲያ ነው ያሰብኩት።

«አያቴ ደህና ናት፣» አልኩት። «በጌታ እውነት ነው። ደህና ናት።»

ቀና አለ። አየኝ። ፊቱ ሲከፈት አየሁ፣ ልክ እንደ ሱቁ መዝጊያ ከታች ወደ ላይ። «ደህና?» አለ። «እማማ ደህና?» ሳቀ። መሪውን በመዳፉ መታ፣ ተመስገን ጌታዬ አለ፣ ደጋግሞ፣ እንባው ማስኩ ውስጥ እየገባ እየሳቀ፣ ጭንቅላቴን ይዞ ሳመኝ፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ማንም ሰው ማንንም ስሞ በማያውቅበት ጊዜ። እኔም ሳቅሁ። ሮቦቱ አረንጓዴ ሆነ።

ከዚያ ሳቁ እያለቀ መጣ። ወደ ተደረደሩት መኪኖች አየ።

«እማማ ደህና ናት፣» አለ ቀስ ብሎ። «እህቴ ቤት ናት። እኔ እዚህ ነኝ።»

ሌላ ስም አልጨመረም። ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው የቀረው። ምን እንዳደረግኩ የገባኝ ያኔ ነው። አጎቴ ማርሹን አስገባ፣ ታጠፈ፣ በራችን ላይ አቆመ።

ግቢው በሰው ተሞልቷል፣ ሁሉም ተራርቆ፣ ሁሉም ማስክ አድርጎ። ሲያዩት በአንዴ ተነሱ። ፓስተሩ መጽሐፉን ይዞ ወደፊት መጣ፣ አፉን ሊከፍት ሲል አጎቴ እጁን ትከሻው ላይ አሳረፈና አለፈው። ሽማግሌዎቹንም አለፈ። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሩ ላይ ቆማለች፤ ከመጋረጃው ጀርባ አሁን ነው የወጣችው። ፊቷን አየው። ማስኩን አወለቀና፣ በሀዲይኛ፣ ሁላችንም እየሰማን፣

«ሁለት ቀን ሙሉ ብቻሽን አለቀስሽለት?» አላት።